የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከል፦ ተጨማሪው ጉልበት ከየት ይመጣል?

«አንድም ዕቃ ሳይቀየር፣ በአንድ ሰዓት ሥራ 30 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት፤ ነዳጅም ይቀንሳል።» የሞተር ኮምፒውተር እናስተካክላለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ከዚህ ብዙም አይርቁም። በሌላ በኩል «ነካክተውት ሞተሩን በላው» የሚል ወሬም አይጠፋም። ሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ነገሩን ያደበላለቀው ቱኒንግ በሚል አንድ ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ሥራዎች መጠራታቸው ነው፦ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም መለወጥ (ሪማፕ የሚባለው)፣ በሴንሰርና በኮምፒውተሩ መካከል ሳጥን ማስገባት፣ መመርመሪያው ሶኬት ላይ ትንሽ «ቺፕ» መሰካት፣ የጭስ ማጣሪያዎችን በፕሮግራም ማጥፋት። ውጤታቸውም መዘዛቸውም ይለያያል።

ሠንጠረዥ የሚያነብ ኮምፒውተር

የሞተር ኮምፒውተር፣ በተለምዶ ኢሲዩ የሚባለው፣ ነዳጅ መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ፣ ካንዴላው መቼ እንደሚለኩስ፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስን ሳጥን ነው። ቦሽ ነዳጅ መርጨትንና ማቀጣጠልን በአንድ ኮምፒውተር ያጣመረውን ሞትሮኒክ የተባለ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1979 በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ አዋለው። የዛሬዎቹ ከዚያ እጅግ የተራቀቁ ቢሆኑም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም፦ ኮምፒውተሩ ሴንሰሮችን ያነባል፣ ከሠንጠረዥ ቁጥር ያወጣል፣ ያዛል።

ሠንጠረዡ ማፕ ይባላል። በአንድ ጎኑ የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎኑ ጭነቱ፣ በመገናኛው ላይ ትእዛዙ ይገኛል። ለምሳሌ አንድ የቤንዚን ቱርቦ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር በቀላል ጭነት ሲሄድ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 25 ዲግሪ ቀደም ብሎ ካንዴላው ይለኩስ ይሆናል። በዚያው ዙር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ግን ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሪማፕ የሚሠራው ባለሙያ የሚነካው እነዚህን ቁጥሮች ነው።

ሆኖም ቁጥር ጨምሮ መሄድ ቀላል አይደለም። በዘመናዊ መኪና ፔዳሉ ስሮትሉን፣ ማለትም የአየር መግቢያውን በር፣ በቀጥታ አይከፍትም፤ ኮምፒውተሩን «ይህን ያህል ቶርክ እፈልጋለሁ» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ቶርክ ማለት ክራንክ ሻፍቱን የሚያዞረው የጥምዝ ኃይል ሲሆን በኒውተን ሜትር ይለካል። ኮምፒውተሩ የተጠየቀውን ቶርክ ወደ አየር፣ ነዳጅና ማቀጣጠያ ጊዜ ይተረጉማል፤ ከዚያም የወጣው ከተጠየቀው ጋር መመሳሰሉን በሌላ ሠንጠረዥ ያረጋግጣል። የቱርቦውን ግፊት ብቻ ጨምሮ የቶርክ ገደቦቹን የረሳ ሰው የሠራው መኪና ዳገት ላይ በድንገት ኃይሉን ቆርጦ የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል። ባለቤቱ «ሴንሰር ተበላሽቶ ነው» ይባላል። ሴንሰሩ ግን ጤነኛ ነው፤ ያልተጣጣሙት ሠንጠረዦቹ ናቸው።

አምራቹ መጠባበቂያ የሚያስቀረው ለምንድን ነው?

ሪማፕ አዲስ ጉልበት አይፈጥርም። አምራቹ ሆን ብሎ ካስቀረው መጠባበቂያ ላይ ያወጣል። ስለዚህ ባለመኪናው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መጠባበቂያው ለምን እንደተቀመጠ ነው።

አንድ መኪና ጥራቱ ዝቅ ባለ ነዳጅ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ዘይቱ ዘግይቶ ተቀይሮለት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት እንዲወጣ ታስቦ ይሠራል። የጭስ ሕጉን ለዓመታት ማሟላትም አለበት። ካምቢዮው የሚችለው የቶርክ መጠን ደግሞ የራሱ ገደብ አለው። በመጨረሻ የገበያ ምክንያት አለ፦ አንዱን ሞተር በሁለትና በሦስት የጉልበት ደረጃ መሸጥ። ቱኒንግ ሠሪዎች በጣም የሚወዱት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ «ያው አንድ ሞተር ነው፣ በሶፍትዌር ነው ያነቁት» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሁለቱን ሞተሮች የመለዋወጫ ቁጥር ሲያስተያዩ ቱርቦው፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ፒስተኑ ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ኢንተርኩለር ተለይቶ ይገኛል። ክርክሩን የሚፈታው ካታሎጉ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ብዙ ጊዜ ከማይታሰቡት አንዱ ከፍታ ነው። ባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 1 ባር ይጠጋል፤ 2,000 ሜትር ላይ ወደ 0.8 ባር ይወርዳል። ሞተሩ 2.0 ባር አየር ቢፈልግ ቱርቦው ባሕር ወለል ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ይጨምቃል፤ ከፍታው ላይ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል መጭመቅ አለበት። አሁን ሪማፑ ፍላጎቱን ወደ 2.4 ባር አሳደገው እንበል። ከፍታው ላይ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከፋብሪካ የመጣ ትንሽ ቱርቦ በዚህ ልክ ሲጠየቅ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፣ አየሩን ከመግፋት ይልቅ ያሞቀዋል፣ ዘንጉና ተሸካሚ ቡሽው ያልቃሉ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተሞክሮ የተመሰገነ የሪማፕ ፋይል ደጋ ላይ ቱርቦ ሊገድል የሚችለው በዚህ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዡን ሳይነካ ይተወዋል ወይም ራሱን ችሎ ያሰላዋል።

ቁጥሩ ሲሰላ

የሞተር ጉልበት በኪሎዋት የሚገኘው ቶርኩን በዙሩ አባዝቶ ለ9,549 በማካፈል ነው፤ ኪሎዋቱን በ1.36 ማባዛት የፈረስ ጉልበቱን ይሰጣል። በ4,500 ዙር 250 ኒውተን ሜትር ያለው ሞተር 118 ኪሎዋት፣ ማለትም 160 የፈረስ ጉልበት አለው። ቶርኩ ወደ 320 ሲያድግ 151 ኪሎዋት፣ 205 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። 28 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ለጤነኛ የቱርቦ ሞተር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ግን አየሩን የሚስበው በራሱ ስለሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ቱርቦ በሌለው መኪና ላይ 25 በመቶ የሚያስተዋውቅ ሰው ሲገጥምዎ ወሬውን እዚያው ማቆም ይቻላል።

አሁን ያንኑ 320 ኒውተን ሜትር በ1,800 ዙር እናስላው። ውጤቱ 60 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ ማንንም አያስደንቅም። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ቢዬላ ግን የሚጎዳው እዚህ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከቶርክ ጋር ይያያዛል፤ ዙሩ ሲቀንስ ደግሞ ግፊቱ በፒስተኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ የዘይቱም ሽፋን ይሳሳል። በትናንሽ ቀጥታ መርጫ የቤንዚን ቱርቦ ሞተሮች ላይ ሌላ አደጋ ይታከላል፦ በዝቅተኛ ዙርና በከባድ ጭነት ካንዴላው ሳይለኩስ ነዳጁ አስቀድሞ መቀጣጠሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢከሰት እንኳ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ የተባለው የዘይት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ለዚህ ችግር ተብሎ ነው። ከመነሻው ወንበር ላይ የሚያጣብቅ መኪና ለባለቤቱ ደስ ይላል፤ ጥሩ ሪማፕ ግን ከ2,500 ዙር በታች ቶርኩን ይቆጥባል።

በቅድሚያ የሚጎዱት

በቤንዚን ሞተር ቀዳሚው አደጋ ማንኳኳት ነው። ካንዴላው ካቀጣጠለ በኋላ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ነዳጅ በግፊትና በሙቀት ራሱ ይፈነዳል። ኦክቴን ነዳጁ ይህን የመቋቋም አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ የማንኳኳት ሴንሰር አለው፤ ሲሰማ ማቀጣጠያውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ለ98 ኦክቴን የተጻፈ ፋይል 91 ቢቀዳለት ሴንሰሩ ሞተሩን ለማዳን ይጥራል፤ ጉልበቱ ይወድቃል። ዘግይቶ የሚቃጠለው ነዳጅ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ቱርቦውንና የጭሱን መርዝ የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያቃጥላል። ሴንሰሩ አለ ተብሎ ያለ ገደብ መታመን የለበትም፦ ሞተሩን የሚያድነው አንድ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ በኋላ ነው። ስለዚህ ፋይሉ መጻፍ ያለበት በየቀኑ ለሚቀዳው ነዳጅ ነው። አልፎ አልፎ ለሚገኘው ምርጥ ነዳጅ መጻፍ ችግር መጥራት ነው።

የነዳጅና የአየር ድርሻም ወሳኝ ነው። ቤንዚን በትክክል የሚቃጠለው ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ሲገኝ ነው። በሙሉ ጭነት ግን ትርፍ ነዳጁ ሙቀት እንዲቀንስ ተብሎ ድርሻው ወደ 12.5 ይወርዳል። ናፍታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ አየር ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ነዳጅ ሲበዛ ይግላል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ጥቁር ጭስ ለአንዳንዱ የጉልበት ምልክት ይመስለዋል። አየር ያጣ፣ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው፤ ከእርሱ ጋር ቴስታታውንና ቱርቦውን የሚያግል ሙቀት አለ።

ከሞተሩ ኋላ ደግሞ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ አሉ። በብዙ የፎልክስዋገን ቡድን መኪኖች ላይ የሚገኘው ዲኪው200 የተባለው ባለ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ካምቢዮ የተሠራው እስከ 250 ኒውተን ሜትር ድረስ ነው። ከዚህ ካምቢዮ ጋር የተገጠመ ሞተር በፋብሪካ ደረጃው እዚያው ጣሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። የፍሪሲዮን መሸሽ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉ ሲረገጥ ዙሩ ይዘልላል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውስ?

የቤንዚን መኪና በተለመደ አነዳድ በ14.7 ላይ የሚሄደው በምርጫ አይደለም፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የሚሠራው በዚያ ድርሻ ስለሆነ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩም በየቅጽበቱ ወደዚያ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሪማፕ እዚህ የሚቆጥበው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ናፍታ ላይ ሾፌሩ በተገኘው ተጨማሪ ቶርክ ከፍ ባለ ማርሽ ዝግ ብሎ ከነዳ ጥቂት ቅናሽ ሊያይ ይችላል። ያንን ቶርክ ለፍጥነት ከተጠቀመበት ግን ፍጆታው ይጨምራል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍጆታ ቁጥር ነው። መኪናው ነዳጁን በሊትር አይለካም፤ ኢንጀክተሩ ምን ያህል እንደረጨ ከራሱ ትእዛዝ ያሰላል። ከሴንሰሩ ጋር የሚሰካ ሳጥን ለኮምፒውተሩ የነዳጅ ግፊቱን አሳንሶ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ግፊቱን ሲጨምር በተጨባጭ ብዙ ነዳጅ ይረጫል፣ ስሌቱ ግን የሚሠራው በታነሰው ቁጥር ነው። ዳሽቦርዱ «ቀነሰ» ሲል ታንከሩ ጨምሯል። የሚታመነው መለኪያ አሮጌው ነው፦ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትር ይዞ፣ እንደገና እስከ አፉ መሙላት። ይህን ቢያንስ ለሦስት ታንከር፣ በተመሳሳይ መንገድ ከሥራው በፊትም በኋላም ማድረግ ያስፈልጋል።

መመርመሪያው ሶኬት ላይ ተሰክተው «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚባሉት ርካሽ ቺፖች ጉዳይ አጭር ነው። ተከፍተው ከታዩት ብዙዎቹ ውስጥ የተገኘው መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሰርኪዩት ነው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ክፍል እንኳ የላቸውም።

ሥራው በትክክል ሲሠራ

መጀመሪያ ምርመራ ነው። የተመዘገቡ የስህተት ኮዶች ይነበባሉ፤ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ምክንያታቸው መፈታት አለበት። የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩን የሚጨምቁበት ግፊት፣ ይለካል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ሥራው እዚያ ይቆማል። ናፍታ ላይ ከየኢንጀክተሩ ወደ ታንከር የሚመለሰው ነዳጅ በተለያዩ ጠርሙሶች ይጠራቀማል፤ አንዱ ከሌሎቹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ከመለሰ ኢንጀክተሩ አርጅቷል። የቱርቦ ቱቦዎች መተንፈስ አለመተንፈሳቸው፣ የካንዴላውም ክፍተት ይታያል። ግፊቱ ሲጨምር ብልጭታው እንዳይጠፋ ክፍተቱ ከ0.8 ወደ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር መጥበብ ሊኖርበት ይችላል።

ቀጥሎ ከመኪናው የራሱ ፋይል ይነበባል፤ ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጣል። ማስታወቂያ የማይናገረው ነገር አለ፦ አንዳንድ ቦታ የመኪናውን ፋይል ሳያነቡ በተመሳሳይ ሞዴል ስም የተገዛ ፋይል ይጭናሉ። የሃርድዌርና የሶፍትዌር ቁጥሮቹ በአንድ አኃዝ እንኳ ቢለያዩ ሠንጠረዦቹ ያሉበት ቦታ ሊለይ ይችላል።

አዲሱ ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ በሚጻፍበት ጊዜ የባትሪው ቮልቴጅ መውረድ የለበትም። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ማቀዝቀዣ ይጠፋሉ፤ ቮልቴጁን ከ13 በላይ አጽንቶ የሚይዝ አቅራቢ ይሰካል። መጻፉ ግማሽ መንገድ ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ያኔ ሳጥኑን አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ከሰሌዳው ጋር አገናኝቶ ማዳን ይጠይቃል፤ ይህን መሣሪያ የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ መጻፍ አልነበረበትም።

ከዚያ ዳታ መቅዳት ይመጣል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር እስከ ላይኛው ድረስ በሙሉ ፔዳል እየተሄደ የተጠየቀው ግፊት ከተገኘው ጋር፣ የማንኳኳት እርማት በእያንዳንዱ ሲሊንደር፣ የአየርና ነዳጅ ድርሻ፣ የገባው አየር ሙቀት አብረው ይቀዳሉ። ይህ መደበኛ መንገድ ላይ አይደረግም፤ ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ኢንጀክተሩ ምን ያህል እንደቀረው እዚሁ ይታያል። በ6,000 ዙር አንድ ሙሉ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። በመግቢያው ቱቦ ላይ የሚረጭ ኢንጀክተር 17 ሚሊ ሰከንድ ከተከፈተ 85 በመቶ ደርሷል፤ ከዚህ በላይ መጠባበቂያ የለውም። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ከሆነ የተፈቀደለት ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

የዳይኖ ወረቀት የሚጠቅመው በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን፣ «ከመሠራቱ በፊት» እና «ከተሠራ በኋላ» ሲነጻጸር ነው። የኋለኛው ብቻ የያዘ ወረቀት ምንም አያረጋግጥም።

ማጣሪያን በፕሮግራም ማጥፋት

የናፍታ ጭስ ማጣሪያ ጥላሸቱን ይይዝና በየጊዜው ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ያቃጥለዋል። በአጭር የከተማ ጉዞ ይህ ሙቀት ስለማይደረስ ይደፈናል። ማጣሪያውን አውጥቶ ኮምፒውተሩ እንዳይፈልገው ማድረግ ርካሽ መውጫ ስለሚመስል ብዙ ይጠየቃል። ደጋፊዎቹ አዲስ ማጣሪያ ውድ መሆኑን፣ ሞተሩም ቀለል ብሎት እንደሚተነፍስ ያነሳሉ። ውድነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ማጣሪያው ከጊዜው በፊት የተደፈነው ብዙ ጊዜ በሚያፈስ ኢንጀክተር፣ በተበላሸ የግፊት ሴንሰር ወይም ዘይት በሚያሳልፍ ቱርቦ ነው፤ ማጣሪያው ሲወጣ በሽታው እዚያው ይቀራል። በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም ሥራው ሕገ ወጥ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2015 ለፎልክስዋገን የሕግ ጥሰት ማስታወቂያ ከላከ በኋላ የጭስ ሶፍትዌር ላይ ያለው ቁጥጥር ጠብቋል። በዚያ ጉዳይ ሞተር ኮምፒውተሩ ምርመራ ላይ መሆኑን አውቆ ጭሱን እንዲቀንስ የተጻፈበት ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ውስጥ ነበር።

ዋስትና፣ አሻራና የተዘጉ ኮምፒውተሮች

«ወደ ፋብሪካው ፋይል ከመለስነው ማንም አያውቅም» የሚለው ቃል ሊታመን አይገባም። ብዙ ኮምፒውተሮች ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው ይቆጥራሉ። በፎልክስዋገን ቡድን መኪኖች ላይ የተነካካ ፋይል የተገኘበት መኪና በአምራቹ መዝገብ ቲዲ1 የሚል ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቱም የዋስትና ጥያቄ ሲመጣ ይወጣል። ኢንሹራንስም እንዲሁ፦ ለውጡ ካልተነገረ ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወኪል ጋራዥ ለሌላ ሥራ የገባን መኪና ሶፍትዌር ሲያድስ ሪማፑ እንደሚጠፋም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

«መኪናው የኔ ነው፣ ውስጡን ማየት መብቴ ነው» የሚለው ክርክር ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባለቤቶች ለምርመራ፣ ለጥገናና ለሕጋዊ ማሻሻያ የመኪናቸውን ሶፍትዌር መቆለፊያ እንዲያልፉ ከቅጂ መብት ክልከላው ነፃ አድርጋለች። አቅጣጫው ግን በሌላ በኩል እየጠበበ ነው። አር155 የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ሳይበር ደኅንነት ደንብ በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለሁሉም አዲስ መኪኖች ግዴታ ሆኗል። አምራቾች ኮምፒውተሩ በፊርማቸው ያልተረጋገጠ ፋይል እንዳይቀበል እየቆለፉ ነው። ፍሬን ወይም መሪ በርቀት እንዳይጠለፍ ስለሚከላከል ቁልፉ ተገቢ ነው፤ ገለልተኛ ጋራዦችን ከሥራ የሚያወጣም ያው ቁልፍ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያስተናግድ ሥርዓት ገና አልተገኘም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ጉዳዩ ይመለከተዋል፣ ሪማፕ ባያምረውም። በመመርመሪያ መሣሪያው ዘጠነኛ ሞድ ላይ ሲቪኤን የሚባል ቁጥር ይነበባል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ፕሮግራም የሚሰላ አሻራ ነው። ለዚያ የሶፍትዌር ቁጥር ከአምራቹ ከሚታወቀው ሲቪኤን ጋር ካልተመሳሰለ አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ሻጩ ያኔ ማቅረብ ያለበት የመጀመሪያውን ፋይል፣ የዳይኖ ወረቀቱንና የተቀዳውን ዳታ ነው። ሦስቱም ከሌሉት ገዢው ኮምፕሬሽን አስለክቶ፣ ወደ ፋብሪካው ፋይል የማስመለሻውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቢያስቀንስ ያዋጣዋል።